«ምን ይታይዎታል?» - በዓይነ ሕሊና የሚመላለሱ አስጨናቂ ምስሎችና ሕክምናቸው

ከመኪና አደጋ የተረፈ አንድ ሰው እናስብ። ስብራቱ ተጠግኗል፤ ቁስሉ ሽሯል፤ ከሆስፒታልም ወጥቷል። ይሁን እንጂ ቡና ሊጠጣ በተቀመጠበት ወይም ልጁን ትምህርት ቤት ሲያደርስ የመኪና ጥሩምባ ከሰማ፣ ያን ዕለት ፊት ለፊቱ የመጣው የጭነት መኪና መብራት ድንገት በዓይነ ሕሊናው ድቅን ይላል። ልቡ በኃይል ይመታል፤ ላብ ያጠምቀዋል። ቤተሰቡ «አልፏል እኮ፤ እርሳው» ይለዋል። እሱም ሊረሳው ይታገላል። ምስሉ ግን ሳይጠራ ይመጣል።

ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ለሐኪም አይናገሩም። አንዳንዶቹ የእብደት ምልክት ይመስላቸዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ «ይህም ሕመም ሆኖ ይነገራል?» ብለው ይተዉታል። በሥነ ልቦና ሕክምና ግን እነዚህ ምስሎች ራሳቸውን የቻሉ የሕክምናና የምርምር ርዕስ ከሆኑ ቆይተዋል። በዚህ ዘርፍ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሣ ባለሙያዎች መካከል በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት እንግሊዛዊቷ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ ፕሮፌሰር ኤሚሊ ሆልምስ አንዷ ናቸው።

የአእምሮ ምስል ሲባል ነገሩ በፊታችን ሳይኖር እንዳለ ሆኖ ሲሰማን ማለት ነው። በዓይን የሚታይ ብቻም አይደለም። የጎማ ፍጭት ድምፅ፣ የሚቃጠል ነገር ሽታ ወይም በሰውነት ላይ የሚሰማ ንክኪ ሊሆን ይችላል። ምስሉ ካለፈው ጊዜ ትዝታ ሊመጣ ይችላል፤ ገና ያልሆነ ነገር እየሆነ መስሎም ሊታይ ይችላል። ነገ በስብሰባ ላይ ተናግሮ ሲዋረድ ዛሬ የሚታየው ሰው ለዚህ ምሳሌ ነው።

ምስል ከቃል ይልቅ ስሜትን ለምን ይነካል? ሆልምስና አንድሩ ማቲውስ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ ለተሳታፊዎች አሳዛኝና አስፈሪ ሁኔታዎችን የሚገልጹ ዓረፍተ ነገሮች አሰሟቸው። ገሚሶቹ ነገሩ በራሳቸው ላይ ሲደርስ በዓይነ ሕሊናቸው እንዲያዩት፣ ገሚሶቹ ደግሞ የቃሉን ትርጉም ብቻ እንዲያስቡ ተነገራቸው። የሰሙት አንድ ዓይነት ቢሆንም ይበልጥ የተጨነቁት በምስል ያዩት ነበሩ። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ነገሩ ለደግ ስሜትም እንደሚሠራ አሳይተዋል፤ መልካም ነገርን በምስል ያዩ ሰዎች በቃል ብቻ ካሰቡት ይልቅ ስሜታቸው ተሻሽሏል።

ይህ ግኝት በሕክምና ክፍል ውስጥ የሚቀርበውን ጥያቄ ቀይሮታል። ታካሚው «እጨነቃለሁ» ሲል ባለሙያው «ምን ያስባሉ?» ብሎ ብቻ አያበቃም፤ «ምን ይታይዎታል?» የሚል ጥያቄም ይጨምራል። ምስሉ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚቀሰቅሰውና የትኛው ቅጽበት ይበልጥ እንደሚያስጨንቅ ይጠየቃል። ከዚያም እንደየሁኔታው ይሠራበታል። ለምሳሌ ታካሚው በባለሙያው እየታገዘ ክፉውን ትዝታ በምናቡ ይመለስበትና ያን ጊዜ ያጣውን ነገር ያስገባበታል፤ የሚያድነው ሰው ይደርስለታል፣ ወይም ያን ቀን ያልተናገረውን ይናገራል። የሆነው ነገር አይለወጥም፤ ትዝታው የሚሰጠው ትርጉምና የሚያስከትለው ስሜት ግን ሊለወጥ ይችላል።

ሆልምስ ይበልጥ የታወቁት ግን ቴትሪስ በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ በሠሯቸው ጥናቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ የተፈጠረው ይህ ጨዋታ ከላይ የሚወርዱ ባለ ቀለም ቅርጾችን እያዞሩ ክፍተት ሳይተዉ መደርደርን ይጠይቃል። የጥናቱ መነሻ ሁለት ነጥቦች ናቸው። አንደኛ፣ ትዝታ ወዲያው የሚጸና ነገር አይደለም፤ እንደ ትኩስ ምርጊት እስኪደርቅ ድረስ ሰዓታት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ አእምሯችን በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ምስል ውስን ነው። ስለዚህ ትዝታው ሳይጸና የአእምሮን ዓይን በሌላ የምስል ሥራ ብንይዘው፣ አስጨናቂው ምስል ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ጥናት ተሳታፊዎች አሰቃቂ ትዕይንቶች ያሉበት ፊልም አዩ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ገሚሶቹ ለ10 ደቂቃ ቴትሪስ ሲጫወቱ የቀሩት ዝም ብለው ተቀመጡ። በቀጣዩ ሳምንት ሳይጠሩ የሚመጡት ምስሎች በተጫወቱት ላይ አነሱ። የፊልሙን ይዘት ሲጠየቁ ግን እንደሌሎቹ አስታውሰው መለሱ። ትዝታው አልጠፋም፤ የቀነሰው ሳይጋበዝ መምጣቱ ነው። በቃላት የሚካሄድ የጥያቄና መልስ ጨዋታ ይህን ጥቅም አልሰጠም።

ጥናቱ በኋላ ወደ ሆስፒታል ገባ። በእንግሊዝ ኦክስፎርድ፣ የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ 71 ሰዎች በስድስት ሰዓት ውስጥ በጥናቱ ተካተቱ። አንደኛው ቡድን አደጋውን በአጭሩ እንዲያስታውስ ከተደረገ በኋላ ቴትሪስ ተጫወተ፤ ሌላው ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ ያደረገውን በጽሑፍ መዘገበ። በመጀመሪያው ሳምንት የተጫወቱት ሰዎች አስጨናቂ ምስሎች ከሌላው ቡድን በ62 በመቶ ያነሱ ነበሩ። በጀርመን ቦኹም ደግሞ ከቆየ ሥቃይ ጋር የሚኖሩ 20 ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች ትዝታቸውን በወረቀት ጽፈው፣ ወረቀቱን ቀድደው፣ ከዚያ ለ25 ደቂቃ ተጫወቱ። የተሠራባቸው ትዝታዎች መመላለስ በ64 በመቶ ሲቀንስ፣ ያልተሠራባቸው የቀነሱት በ11 በመቶ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥናቶቹ የተሠሩት በጥቂት ሰዎች ላይ ነው። ጥቅሙም የተገኘው በሠለጠነ ሰው መሪነት፣ ትዝታውን በአጭሩ ቀስቅሶ፣ ቅርጾቹን በዓይነ ሕሊና እያዞሩ በመጫወት ነው። ስለዚህ ስልክ ከፍቶ መጫወት ብቻውን ሕክምና አይሆንም፤ በሌላ ሕክምና ላይ ያለ ሰውም መድኃኒቱን ወይም ክትትሉን በዚህ ሊተካ አይገባም።

ታዲያ አንባቢ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ፣ ከአደጋ፣ ከጥቃት ወይም ከከባድ ሐዘን በኋላ ባሉት ቀናት ምስሎች ቢመላለሱብዎ አይደንግጡ። የእብደት ምልክት አይደለም። በአብዛኛው ሰው ላይ በጊዜ ሂደት እየቀነሱ ይሄዳሉ። «አላስበውም» እያሉ ከምስሉ ጋር መታገል ግን ብዙ ጊዜ መልሶ ያመጣዋል። «ይህ ትዝታ ነው፤ አሁን እየሆነ አይደለም» ብሎ ለራስ መናገርና በዙሪያ ያለውን ነገር በእርጋታ መመልከት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ምስሉ የመጣበትን ቀን፣ ሰዓትና የቀሰቀሰውን ነገር በአጭሩ ይመዝግቡ። ዝርዝሩን መጻፍ አያስፈልግም። ይህ መዝገብ ባለሙያ ዘንድ ሲሄዱ ከብዙ ወሬ ይበልጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ቤተሰብና ጎረቤት ተጎጂውን «እርሳው» ብለው አይገሥጹት፤ የሆነውን ከጥንት እስከ ዛሬ እንዲያወራም አያስገድዱት። ሊናገር ሲፈልግ ማዳመጥ፣ በማይፈልግበት ጊዜም አብሮ መቀመጥ በቂ ነው።

አራተኛ፣ ምስሎቹ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ፣ እንቅልፍ ከነሱ፣ ከሥራ ወይም ከመንገድ ካራቁ፣ ወይም በመጠጥና በጫት ለማደንዘዝ ካስገደዱ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ፤ በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አንዱ ነው። እዚያም «እጨነቃለሁ» ብለው ብቻ አይመለሱ፤ የሚታይዎትን ይናገሩ።

በመጨረሻ አንድ አስቸኳይ ጉዳይ አለ። በከባድ ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ሲጎዳ ወይም ከሞተ በኋላ የሚሆነውን በምስል ሊያይ እንደሚችል ሆልምስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት አመልክተዋል። እንዲህ ያለ ምስል የሚመጣበት ሰው በዚያው ቀን ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ ብቻውን አይደር፤ ወደ ሕክምናም ይወሰድ። ቤተሰብም «ምን ታስባለህ?» ብሎ ዝምታ ሲገጥመው ተስፋ አይቁረጥ። «ምን ይታይሃል?» ብሎ ቀስ ብሎ ይጠይቅ። ያ ጥያቄ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።