እንስራ ወዴት ሄደች?

እንቆቅልህ!
ምን አውቅልህ!
ከአፈር ተወለድሁ። በእሳት ጠነከርሁ። በሰው ጀርባ ተሳፈርሁ። አንድ ጊዜ ከወደቅሁ ግን አልነሣም። ማን ነኝ?

ታላላቆቻችን መልሱን ወዲያው ያውቁታል። እንስራ ናት። ትንንሽ ልጆቻችንን ብንጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ «አናውቀውም፤ አገር እንስጣችሁ» ይሉናል። ምን ያድርጉ? ምንጭ ወርደው የሚያዩት ቢጫ ጀሪካን ነው። ቤት ገብተው የሚያዩትም ጀሪካን ነው። እንስራን የሚያውቋት በስም ብቻ ነው።

ታዲያ እንስራ ወዴት ሄደች? በመሄዷ ማን ተጠቀመ? ማንስ ተጎዳ? ዛሬ ይህን አብረን እናነባለን።

እንስራ በእናቶቻችን ጀርባ

እኛም ያደግነው በእንስራ ውሃ ነው። እናቶቻችን ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ወደ ምንጭ ይወርዱ ነበር። እንስራዋን በቅል እየጨለፉ ይሞሏታል። ውሃው እንዳይፈስ አፏ ላይ ቅጠል ይጎሰጉሱባታል። ከዚያም በገመድ አሥረው በጀርባቸው ያዝሏታል። አቀበቱን ጎንበስ ብለው ይወጣሉ።

እንስራ ባዶዋንም ሸክም ናት። ውሃ ሲሞላባት ደግሞ ወገብ ትሰብራለች። በዚያ ላይ ተሰባሪ ናት።

እስቲ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ እናስብ። ዝናብ ዘንቦ መንገዱ አዳልጧል። ልጅቱ እንስራዋን አዝላ ስትመጣ ወደቀች። እንስራዋ ተሰበረች። የልጅቱ ጉልበት ይደማል። እሷ ግን የምታለቅሰው ለጉልበቷ አይደለም። «እማዬን ምን እላታለሁ?» ብላ ነው። ሌላ እንስራ የሚገኘው በገበያ ቀን ነው። ገንዘብም ይጠይቃል። እስከዚያው ቤተሰቡ ውሃ የሚቀዳበት ዕቃ ከጎረቤት ይለምናል። በእንስራ ዘመን ያደገች እናት ሁሉ ይህን ፍርሃት ታውቀዋለች።

ጀሪካን ከየት መጣ?

ጀሪካን የሚለው ስም ከሩቅ የመጣ ነው። ዕቃውን መጀመሪያ የሠሩት ጀርመኖች ናቸው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ለጦር ሠራዊታቸው የቤንዚን መያዣ አድርገው ከብረት ሠሩት። 20 ሊትር ይይዝ ነበር። ያን ጊዜ እንግሊዞች የጀርመን ወታደሮችን በቅጽል ስም «ጄሪ» ይሏቸው ነበር። «ካን» ማለት ደግሞ በእንግሊዝኛ ቆርቆሮ ማለት ነው። ስለዚህ ጀሪካን ማለት «የጄሪ ቆርቆሮ» እንደ ማለት ነው። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞችም አሜሪካኖችም አስመስለው ሠሩት።

በኋላ ጀሪካን በፕላስቲክም መሠራት ጀመረ። የምግብ ዘይት እየተሞላበት ወደ ገበያችን ገባ። ዘይቱ ሲያልቅ ባዶው ለውሃ መቅጃ ተሸጠ። ይኸው የጦር ሜዳ ዕቃ የእናቶች ውሃ መቅጃ ሆኖ ቀረ።

የተጠቀምነው ጥቅም

እውነቱን እንናገር። ጀሪካን ብዙ ጠቅሞናል። ባዶው ቀላል ነው። ቢወድቅ አይሰበርም። ክዳን ስላለው ውሃው አይፈስም። በአህያም ይጫናል። በአህያ ሲጫን ደግሞ ውሃ መቅዳት የእናቶችና የሴት ልጆች ሥራ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ወንድ ልጅም አህያውን ነድቶ ይቀዳል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። በ20 ሊትር ጀሪካን በቀን 2 ጊዜ የምትቀዳ እናት በቀን 40 ኪሎ ውሃ ትሸከማለች። በሳምንት 280 ኪሎ ይሆናል። ይህ ከ2 ኩንታል ተኩል በላይ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የእንስራዋ ክብደት ሲጨመር አስቡት! ስለዚህ «እንስራ ትመለስና ጀሪካን ይቅር» ብለን አንጽፍም። እንዲህ ብንል እናቶች ይታዘቡናል።

እንስራም ብቻዋን አልሄደችም። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ መጅ ከቤት ወጥቶ ደጅ ተቀመጠ። የፀሐይ ኃይል መብራት በገባበት ቤት ኩራዝ ጠፋ። ሌሊቱን ስትፈጭ ያደረች እናት መጅ ይመለስልኝ አትልም። በኩራዝ ጭስ ዓይኑ የተቃጠለ ተማሪም ኩራዝ አይናፍቀውም። የሚሄድ ነገር ሁሉ አያስለቅስም። ነገር ግን አንድ ነገር ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ነገር አለ። እሱን ማየት ያስፈልጋል።

የተጎዳችው ማን ናት?

እንስራን የሠራት ማን ነው? ሴት ናት። በአገራችን ሸክላ በብዛት የሴቶች ሥራ ነው።

ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ታውቀዋለች። ሁሉም አፈር ሸክላ አይሆንም። የሚሆነውን መርጣ ትቆፍራለች። ተሸክማ ታመጣለች። ታደርቃለች፤ ትወቅጣለች፤ ትነፋለች። የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ትቀላቅልበታለች። ይህም በእሳት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ ነው። ከዚያ በውሃ ታቦካለች። የሚሽከረከር መሣሪያ የላትም። በእጇ ብቻ እያዞረች ታቆመዋለች። በለስላሳ ጠጠር ታለሰልሰዋለች። ፀሐይ እንዳያፈነዳው በጥላ ታደርቀዋለች። በመጨረሻም በእንጨት፣ በኩበትና በጭድ ትተኩሰዋለች። በዚህ ጊዜ የሚሰነጠቀው ይሰነጠቃል። የብዙ ቀን ድካም በአንድ ቀን ገል ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለምትሠራ ሴት ምን መለስንላት? ስድብ ነው። «ቡዳ ናት» ተባለች። ከእሷ ጋር መጋባት ነውር ተባለ። በሠራችው ዕቃ ውሃ እየጠጣን እሷን ናቅናት። ይህ ትልቅ በደል ነው። ሸክላ መሥራት ዕውቀት እንጂ እርግማን አይደለም።

ለምሳሌ የቤተ እስራኤል ወገኖቻችንን እናንሣ። በጥንት ዘመን የርስት መሬት ስለ ተነፈጉ ብዙዎቹ በእጅ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡና ሸማ ይሠሩ ነበር። ከጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራ የታወቀች መንደር ናት። ከእነዚህ ወገኖች ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት 1983ቱ ጉዞ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በአውሮፕላን ሄደዋል። ሰው ሲሄድ የእጁ ዕውቀትም አብሮት ይሄዳል።

እዚሁ የቀሩት ሸክላ ሠሪዎች ደግሞ ጀሪካን ገበያቸውን ወሰደባቸው። እንስራ አዝለው ገበያ ይወጣሉ። ሲመሽ ያንኑ አዝለው ይመለሳሉ። የገበሬ እርሻው መሬቱ ነው። የሸክላ ሠሪ እርሻዋ ግን ገበያው ነው። ገበያው ሲነጥፍ በቤቷ ድርቅ ገባ ማለት ነው። ለእኛ የቀለለን ሸክም በእሷ ላይ ከበደ።

እንስራ የምታውቀው ጥበብ

በእንስራ ያደረ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ብዙ ሰው ውሃው መቀዝቀዙን ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን አያውቅም። ሸክላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። በእነዚህ ቀዳዳዎች ጥቂት ውሃ ወደ ውጭ ይወጣል። እንስራዋ «ታልባለች» ማለት ነው። ላቧ በነፋስ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። እኛም አልቦን ነፋስ ሲነካን የሚቀዘቅዘን ለዚሁ ነው። ፕላስቲክ ግን አያልበውም። ፀሐይ ላይ የዋለ የጀሪካን ውሃ ለብ ይላል።

ጠላ የምትጠምቅ እናትም ሌላ ነገር ትነግረናለች። የጠላ ጋን በወይራ ይታጠናል። ሽታው ሸክላው ውስጥ ይገባል። ጀሪካንን ግን እሳት ስለሚያቀልጠው እንደ ጋን አይታጠንም።

ተጠንቀቁ!

ጀሪካን ሁሉ አንድ አይደለም። የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ለውሃ፣ ለዘይት፣ ለጠላም ሆነ ለእህል ከቶ አትጠቀሙበት። በሳሙና ቢታጠብም መርዙ ፈጽሞ አይለቅም። ሰው ይገድላል። ባዶውን ብሱት፤ ማንም እንዳይቀዳበት። ልጆች ከማይደርሱበት አኑሩት። አታቃጥሉት። ምን እንደሚደረግ የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ። ገበያ ላይም ምን እንደ ነበረበት የማታውቁትን ጀሪካን አትግዙ።

ንጹሑ ጀሪካንም መታጠብ አለበት። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም። ውስጡ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ ሳሙና፣ ጥቂት ውሃና ንጹሕ ጠጠር ጨምራችሁ ደኅና አድርጋችሁ ነቅንቁት። ከዚያም በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ክዳኑን አትጣሉ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሸክም በጀሪካን ይሁን። የሚጠጣው ውሃ ግን በቤት ውስጥ ክዳን ባለው የሸክላ ዕቃ ቢቀመጥ ይቀዘቅዛል። ስንቀዳ እጃችንን አንንከር። እጀታው ረጅም የሆነ መቅጃ ይኑረን።

ሁለተኛ፣ ሸክላ ሠሪዎችን አንርሳ። ሸክላ ገና አልሞተም። ጀበና አለ። ምጣድ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ እንጀራ የሚጋገርበት ገጽታው ሸክላ ነው። ከሰል የሚቆጥበው «ላቀች» የሚባለው ምድጃም ውጩ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው። እንስራ የማትሸጥ ሴት ምጣድና የምድጃ ሸክላ ልትሸጥ ትችላለች። ለዚህ ሥልጠና፣ የጋራ መሸጫና አፈር የሚቆፈርበት ቦታ ያስፈልጋታል። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ይህን ማንሣት የእኛ ፋንታ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ስድቡን እንተው።

ሦስተኛ፣ እንጻፍ። ዕቃ ሲጠፋ ስሙም ይጠፋል። እንስራ፣ ጋን፣ ማድጋ፣ ገንቦ፣ ማሰሮ፣ ወጭት። እነዚህን ዛሬ የሚለይ ወጣት ስንት ነው? አያቶቻችን ግን ያውቃሉ። የትኛው አፈር ለየትኛው ዕቃ እንደሚሆን ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም። ያለው በእጃቸውና በአፋቸው ነው። እነሱ ሲያልፉ ያልፋል። ድሮ ብንፈልግም መጻፍ አንችልም ነበር። አሁን ግን እርሳስ መያዝ ችለናል። የምናውቃት ሸክላ ሠሪ ካለች ሄደን እንጠይቃት። «እማማ፣ ይህን እንዴት ነው የምትሠሩት?» እንበላት። የምትለውን በደብተራችን እንጻፍ።

እንስራ ከጀርባችን ወረደች። ይህ ደግ ነው። ያበጁአት እጆች ግን አብረው ከልባችን አይውረዱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ስንት የሸክላ ዕቃ አለ? ስማቸውን ጻፉ።
2. በቤታችሁ በቀን ስንት ጀሪካን ውሃ ይቀዳል? በሳምንት ስንት ኪሎ ይሆናል? የሚቀዳውስ ማን ነው?
3. የመርዝ ዕቃ ለውሃ የማይሆነው ለምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ ሸክላ ሠሪዎች አሉ? እንዴት ይኖራሉ? ምን ልናግዛቸው እንችላለን?