የኤሌክትሪክ ጊታር ዝዝታ፦ ከሞረድ በፊት ልኬት

የኤሌክትሪክ ጊታር የሙዚቃ ባንድ ባላቸው መንግሥታዊ ተቋማት፣ በባህል ማዕከላትና በሙዚቃ ትምህርት ቤቶች በስፋት ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች አንዱ ነው። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች ከትንፋሽ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ሲያገለግል ቆይቷል። ይሁንና በመሣሪያው ላይ በተደጋጋሚ የሚከሰተው ዝዝታ መንስኤው በአግባቡ ሳይጣራ ሲቀር፣ በአነስተኛ ማስተካከያ ሊድን የሚችል ጊታር አገልግሎት የማይሰጥ ተብሎ በመጋዘን እንዲቀመጥ ወይም ባልተገባ ጥገና ይበልጥ እንዲጎዳ ምክንያት ይሆናል።

ዝዝታ የሚፈጠረው የሚርገበገበው ክር በአንገቱ ላይ ከተተከሉት ፍሬት ከተባሉ የብረት ዘንጎች አንዱን ሲነካ ነው። ከጥገናው በፊት ጊታሩን በትክክል መቃኘት፣ ያረጁ ክሮችን መቀየርና የላላ ብሎን ወይም የመቃኛ ቁልፍ አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቀጭን ክር መግጠምም ሆነ ክሮቹን ከመደበኛው ቅኝት ዝቅ አድርጎ መቃኘት ውጥረታቸውን ስለሚቀንስ፣ ቀድሞ ያልነበረ ዝዝታ ሊያስከትል ይችላል። በእጅ ሲመታ ብቻ የሚሰማና በአምፕሊፋየር በኩል የማይወጣ ቀላል ዝዝታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥገና የሚያስፈልገው አይደለም።

የችግሩን መነሻ መለየት

መንስኤውን ለማወቅ ዋነኛው ዘዴ እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ እየተጫኑ ዝዝታው የት እንደሚሰማ መመዝገብ ነው። ክሩ ሳይጫን ብቻ ዝዝ የሚል ከሆነና የመጀመሪያው ፍሬት ሲጫን ድምፁ ከጠራ፣ ችግሩ ያለው በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ በሚያልፉበት ባለቦይ ቁራጭ ላይ ነው፤ ቦዩ ከሚገባው በላይ ጠልቋል ማለት ነው። ዝዝታው ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ባለው ክልል ሲበረታ አንገቱ ከመጠን በላይ መቃናቱን ወይም ወደ ኋላ መጉበጡን ያመለክታል። በአንገቱ ሙሉ ርዝመት የሚሰማ ከሆነ የክሮቹ ከፍታ ማነሱ፣ በአንድ ቦታ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ከተጫነው ፍሬት ቀጥሎ ያለው ከፍ ማለቱ ወይም የተጫነው ራሱ በአገልግሎት ብዛት መበላቱ ይጠረጠራል።

የማስተካከያው ቅደም ተከተል

በቅድሚያ የሚታየው የአንገቱ ሁኔታ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር በመሆኑ፣ ከክረምት ወደ በጋ ሲሸጋገርም ሆነ ጊታሩ ከደጋ ወደ ቆላ ሲጓጓዝ አንገቱ ቅርጹን ሊለውጥ ይችላል። ክሩን በ1ኛው ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ በሚጋጠምበት አካባቢ ባለው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ በመጫን፣ በ8ኛው ፍሬት አናትና በክሩ መካከል ያለውን ክፍተት በጋራዥ በሚገኘው ፊለር ጌጅ መለካት ይቻላል። የጣት ማሳረፊያው ኩርባ ራዲየስ 9.5 ኢንች ለሆነ የፌንደር ስትራቶካስተር ክፍተቱ 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሆን ይገባል።

ክፍተት ከሌለ በአንገቱ ውስጥ የሚያልፈው የብረት ዘንግ በቁልፍ ወደ ግራ ይላላል፤ ክፍተቱ ከበዛ ወደ ቀኝ ይጠብቃል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ማዞር አይመከርም። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ እንደገና መቃኘትና መለካት ያስፈልጋል። ዘንጉ አልዞር ካለ በኃይል ማስገደድ ሊሰብረው ስለሚችል ሥራውን አቁሞ ለባለሙያ ማስረከብ ይገባል።

ቀጥሎ የክሮቹ ከፍታ ይስተካከላል። ለዚሁ ዓይነት ስትራቶካስተር በ17ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ታችኛ ክፍል ያለው ርቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ካነሰ በብሪጁ ላይ ክሩን የተሸከመው ቁራጭ ሁለቱን ትናንሽ ብሎኖች በማዞር ከፍ ይደረጋል።

የማይመለሰው እርምጃ

እስካሁን የተጠቀሱት ማስተካከያዎች ስህተት ቢፈጠር ወደ ነበሩበት ሊመለሱ የሚችሉ ናቸው። ፍሬትን መሞረድ ግን የተነሳው ብረት የማይተካ በመሆኑ የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይገባል። ሦስት ፍሬቶችን ብቻ የሚነካ አጭርና ቀጥ ያለ ብረት በላያቸው ሲቀመጥ የሚወዛወዝ ከሆነ መካከለኛው ፍሬት ከፍ ብሏል። ፍሬቱ ከተተከለበት የተነሳ ከሆነ በጥንቃቄ ወደ ቦታው መመለሱ ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ መሞረድ ግድ ከሆነ ግን አናቱን መልሶ የሚያሞላልቅ የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። ጠልቆ የተቆረጠ ቦይ ያለው ቁራጭም በአዲስ ሊተካ ይችላል።

በመሆኑም የንብረት ኃላፊዎች ዝዝታ ያለበትን ጊታር ለማስወገድ ከመወሰናቸው በፊት የአንገቱና የክሮቹ ልኬት ተወስዶ ከመሣሪያው መዝገብ ጋር እንዲያያዝ ማድረጋቸው ጠቃሚ ነው። ይህም የሕዝብን ሀብት ከብክነት ከመታደጉም በላይ፣ ሙዚቀኛው ሊሠራበት የሚችለው መሣሪያ ከእጁ እንዳይወጣ ያስችላል።