በአፈር ግድብ ሆድ ውስጥ

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ከቶኮዋ ፏፏቴ በላይ የነበረው የኬሊ ባርንስ ግድብ ቁመቱ 12 ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ባለቤቱ ከፏፏቴው ግርጌ የሚገኝ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነበር። ግድቡ መጀመሪያ ለመብራት ኃይል ከእንጨትና ከድንጋይ ተሠራ፤ በኋላ አፈር እየተደለደለበት ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1957 በኋላ ግን ኃይል ማመንጨቱ ቀርቶ ሐይቁ መዝናኛ ብቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ከሌሊቱ 7፡30 ገደማ፣ ለቀናት ከጣለ ዝናብ በኋላ፣ ግድቡ ተደረመሰ። በሸለቆው ተኝተው ከነበሩት 39 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ።

የአፈር ግድብ ውሃን ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ ሁልጊዜም በውስጡ ይሰርጋል። በደንብ የተሠራ ግድብ ለሚሰርገው ውሃ መውጫ አለው፦ በልክ የተመረጠ አሸዋና ጠጠር አፈሩን ይዞ ውሃውን ብቻ ያሳልፋል። መውጫ ካጣ ግን ውሃው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ተጠራቅሞ ይገፋቸዋል፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት ሰበቃ ይቀንሳል። ቁልቁለቱ ካልተዘረጋ አፈሩ የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተዋል። የኬሊ ባርንስ የኋላ ገጽ ወደ 45 ዲግሪ የተጠጋ ነበር፤ መሐንዲሶች አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በእጥፍና ከዚያ በላይ የተዘረጋ ቁልቁለት ይመርጣሉ። ከአደጋው አራት ዓመት አስቀድሞ በተነሳ ፎቶ ላይ የዚሁ ገጽ አንድ ክፍል ተንሸራትቶ ይታያል። በገጹ ላይ ዛፎችም በቅለው ነበር። ዛፍ ያምራል፤ ሲሞት ግን የበሰበሰው ሥር ለውሃ ቦይ ይሆናል።

አንድ ሰው ግድብ ሥር ቆሞ ሊያየው የሚችለው ትልቁ ምልክት የሚወጣው ውሃ ቀለም ነው። ጥርት ያለ ከሆነና መጠኑ ካልጨመረ ክትትል ይበቃዋል። ከደፈረሰ ግን ውሃው የግድቡን አፈር ከውስጥ እየበላ ይዞ እየወጣ ነውና፣ የታችኛውን መንደር ወዲያው ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

መርማሪዎች የኬሊ ባርንስን ጥፋት ለአንድ ምክንያት ብቻ አልሰጡትም፤ የገጹ መንሸራተትና ስርገቱ ተደጋግፈው ሳይጥሉት እንዳልቀረ ግን ገምተዋል። ፕሬዚዳንት ካርተር በዚያው ዓመት በግልና በግዛቶች እጅ ያሉ አስጊ ግድቦች እንዲፈተሹ አዘዙ። ከ8,800 በላይ ታዩ፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል ደኅንነቱ አስተማማኝ ያልሆነ ሆኖ ተገኘ። ጥገናው ግን በባለቤቶቹ ኪስ ላይ ቀረ፤ የመዝናኛ ሐይቅ ደግሞ የጥገናውን ወጪ የሚሸፍን ገቢ እምብዛም አያስገባም።