የሊኑክስ ከርነል ፑል ሪኩዌስት የሚያስተናግደው እንዴት ነው?

የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት የምትመሩ ወገኖች፣ ኮድ ማዋሃድ ሥርዓት ካልተበጀለት የሁሉም ሰው ድካም ይባክናል። ከሊኑክስ ከርነል ብዙ መማር ይቻላል።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊትን የሠራው ለዚሁ ፕሮጀክት ነው። ሆኖም ከሺህ በላይ ሰዎች የሚልኩትን ለውጥ ብቻውን አይመረምርም። ኔትወርኩም ፋይል ሲስተሙም የየራሳቸው ሜንቴነሮች (የኮድ ኃላፊዎች) አሏቸው። ለውጡ መጀመሪያ ለእነሱ ይላካል፤ ይገመገማል፤ ይታረማል። ሜንቴነሩ የተቀበለውን ሰብስቦ ለሊነስ ፑል ሪኩዌስት ያቀርባል።

ጊዜውም የታወቀ ነው፦

1. አዲስ ቨርዥን እንደወጣ ለ2 ሳምንት «መርጅ ዊንዶው» ይከፈታል። አዳዲስ ሥራዎች በዋናነት የሚገቡት ያኔ ነው።
2. ሲዘጋ የመጀመሪያው የሙከራ ቨርዥን፣ አርሲ1፣ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እርማት ብቻ እየገባ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አርሲ7 ወይም አርሲ8 ይዘልቃል።
3. ቀጥሎ ዋናው ቨርዥን ይለቀቃል። ዙሩ ከ9 እስከ 10 ሳምንት ይፈጃል።

ለመርጅ ዊንዶው የታሰበ ሥራ አስቀድሞ ሊኑክስ-ኔክስት በተባለው የኮድ ማከማቻ ላይ ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ይፈተሻል። የኮድ ግጭት ሳይረፍድ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ፕሮጀክታችሁ ትንሽም ቢሆን እነዚህን ያዙ፦

• አንድ ፑል ሪኩዌስት አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ።
• የኮሚት መልእክቱ «ለምን ተለወጠ?» ለሚለው ይመልስ።
• አውቶማቲክ ፍተሻውን ያላለፈ ኮድ ሜይን ብራንች ውስጥ አይግባ።
• የማትቀበሉትን ከነምክንያቱ ቶሎ አሳውቁ። በነፃ ጊዜውን የሰጠ ሰው ቢያንስ ግልጽ መልስ ይገባዋል።