ከምሳ በኋላ ያለው ሥልጠና

በክልል ከተሞች የሚሰጠው የሙያ ደህንነትና ጤንነት ሥልጠና ስሙ ጠፍቷል። አበል የሚበላበት፣ ሰርተፊኬት የሚሰበሰብበት ነው ይሉታል። ጠዋቱን ብቻ ላየ ሰው ሐሜቱ እውነት ይመስላል። የክብር እንግዳው ያረፍዳል፣ ንግግሩ ይረዝማል፣ ከዚያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ከስክሪን ይነበባል። አሠሪው ለሠራተኛው የሥራውን አደጋ የማሳወቅ፣ የደህንነት ኃላፊ የመመደብና ኮሚቴ የማቋቋም ግዴታ አለበት። ጊዜው ሚያዝያ 20 አካባቢ ከሆነ የዓለም የሥራ ደህንነትና ጤንነት ቀን ባነርም ይሰቀላል። ስለ ጠዋቱ ይህ ይበቃል።

ቁም ነገሩ ከምሳ በኋላ ግቢ ውስጥ ነው። በብረት ትሪ ላይ ነዳጅ ተርከፍክፎ ይለኮሳል፤ አሠልጣኙ ባለ 6 ኪሎውን ቀይ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ለአንዱ ያቀብልና «በል አጥፋ» ይለዋል። ያኔ ነው ጉዱ የሚታየው። ሰውየው እጀታውን አጥብቆ ይጫናል፣ አልሠራ ይለዋል፤ ፒኑን አልነቀለም። ነቅሎ ሲመለስ ደግሞ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቆምና ዱቄቱን ራሱ ይቅመዋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ነበልባሉን መርጨት ነው። ዓይን የሚስበው ነበልባሉ ነውና ሁሉም ወደ ላይ ያነጣጥራል፤ ዱቄቱ ከእሳቱ በላይ ያልፋል፣ ነዳጁ ከታች መንደዱን ይቀጥላል። መረጨት ያለበት ሥሩ ነው፤ ነፋስን ከኋላ አድርጎ፣ ጥቂት ሜትር ርቆ፣ ቱቦውን ግራና ቀኝ እየጠረጉ። ለሙከራ የሚሆን ጊዜም የለም፤ ያ ሁሉ ዱቄት ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። ይህን በፓወር ፖይንት መቶ ጊዜ ቢያሳዩት እጅ አይለምደውም።

የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ማጥፊያ ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው። ጋዙ ሲወጣ የሚወጣበት ቀንድ መሰል አፍ በረዶ ስለሚሆን በባዶ እጅ የያዘው ሰው ቆዳው ይቃጠላል፤ በብርድ። መያዣው ላይ ያዙት።

በአንዱ ሥልጠና ላይ ከልብስ ስፌት ፋብሪካ የመጣች ወጣት ሲሊንደሩን አገላብጣ አየችና «የዚህ ጌጅ አረንጓዴው ላይ ነው፤ የእኛው ቀዩ ላይ ነው፣ ምን ማለት ነው?» አለች። «ግፊቱ ወርዷል ማለት ነው፣ እህቴ። ባዶ ጣሳ ነው የሰቀላችሁት» አላት አሠልጣኙ። «ቢሰቅሉትስ ባልከፋ፤ ካርቶን ተደርድሮበታል» ብላ እዚያው ስልኳን አውጥታ ለሱፐርቫይዘሯ ደወለች።

እሷ በስፌት መስመሩ ላይ የምትውል ስለሆነች ነው ያስተዋለችው። ብዙ ድርጅቶች ግን የጥሪው ደብዳቤ ሲደርሳቸው የአበል ተራው የማን እንደሆነ ያጣራሉ፤ ሱፍ የለበሰ የቢሮ ሰው ይልካሉ፤ እሱም የከሰዓቱን ፊርማ አስቀድሞ ፈርሞ ከምሳ ይቀራል። በያጁን ላኩ፣ ቦይለር የሚያቀጣጥለውን፣ የሌሊት ፈረቃ ጥበቃውን ላኩ። እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የሚደርሱት እነሱ ናቸው።