የፎቶግራፍ መሣሪያና የባህል ጥናት

ፎቶግራፍ ለባህል ጥናት የሚሰጠው ምስክርነት እስከ ምን እንደሚደርስ ለመረዳት የመሣሪያውን ታሪክ ማወቅ ይገባል። በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የጥናት ጓድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 አክሱምን ሲመረምር፥ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ሐውልቶቹን ያነሣው በመስተዋት ላይ ነበር። መስተዋቱ ከባድና በየአንዱ ፎቶግራፍ የሚለወጥ በመሆኑ፥ ከሚንቀሳቀስ ሰው ይልቅ ለቆመ ድንጋይ ይስማማ ነበር።

በ1925 ግን በቬትስላር ከተማ የሚገኘው የላይትስ ፋብሪካ፥ ኦስካር ባርናክ የፈለሰፈውን ላይካ ለገበያ አቀረበ። ይህ ትንሽ መሣሪያ በ35 ሚሊ ሜትር የሲኒማ ፊልም እስከ 36 ፎቶግራፍ ስለሚያነሣ፥ ሠርግንና ገበያን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መከተል ተቻለ።

ይሁን እንጂ የመሣሪያው መፍጠን ዕውቀትን አያፈጥንም። ከአሰላ በስተሰሜን በምትገኘው በኢተያ አንዲት የአርሲ እናት ሲንቄዋን ይዛ ብትነሣ፥ ፎቶግራፉ የሚያሳየን ቀጭን በትር ብቻ ነው። በትሩን እናቷ በጋብቻዋ ጊዜ የሰጠቻት መሆኑን፥ ሴቶችም በደል ሲደርስባቸው እርሱን ይዘው በአንድነት በመውጣት ፍትሕ የሚጠይቁበት መሆኑን የሚያስረዳን የሰው ቃል ነው።

ስለዚህ ስም፥ ቦታና ቀን ያልተጻፈባቸው የቆዩ ፎቶግራፎች፥ የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ሳያልፉ ወደ ተነሡበት አገር ተመልሰው ሊጠየቅባቸው ይገባል።