ቁጥሩ ያው፣ ዕቃው ሌላ

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2010፣ ዝናብ በጣለበት አንድ ምሽት፣ በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት አንዲት ወጣት ነርስ የምትነዳት የ2005 ሞዴል ሼቭሮሌ ኮባልት መስመሯን ስታ ከፊት ከምትመጣ መኪና ጋር ተጋጨች። ነርሷ ሞተች። ፖሊስ ምክንያት ለማግኘት አልተቸገረም፤ መንገዱ ርጥብ ነው፣ ፍጥነት አብዝታለች ተባለ። ወላጆቿን ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። መኪናዋ ከአደጋው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ እየሄደች ሳለ ድንገት ጠፍታባት ጋራዥ አስገብታት ነበር። ጋራዡ የነዳጅ መስመሩን አጽድቶ መለሰላት። አደጋው የደረሰው መኪናዋን በተረከበች ማግስት ነበር።

ወላጆቿ ጠበቃ ያዙ። ጠበቃው ያሠማራው መካኒክ የመኪናዋን መረጃ መዝጋቢ ሲያነብ ያልጠበቀውን ነገር አየ፤ ከግጭቱ ሰከንዶች በፊት ቁልፉ ሞተር ከሚሠራበት ቦታ ተንሸራቶ ሬዲዮ ብቻ ወደሚሠራበት ቦታ ተመልሷል። በዚያ ፍጥነት ማን ቁልፍ ያዞራል?

ኃይል በዚህ መንገድ ሲቋረጥ ጣጣው ብዙ ነው። ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬን አጋዡ ይደክማል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ኤርባጉ ነው፤ መኪናዋ የቆመች መስሎት ይተኛል።

ጄኔራል ሞተርስ ችግሩን ከነጭራሹ አያውቀውም ነበር ማለት አይቻልም። በ2005 መጨረሻ ለሻጮቹ በላከው ማሳሰቢያ ከቁልፉ ላይ ከባድ ማንጠልጠያ እንዲወገድ መክሯል። የራሱ መሐንዲሶችም ኤርባግ ያልተከፈተባቸውን አደጋዎች ለዓመታት ሲመረምሩ ኖረዋል። መንገዳቸውን የዘጋው ግን አንድ እንቆቅልሽ ነበር፤ አደጋዎቹ በ2007 እና ከዚያ በፊት በተሠሩ ሞዴሎች ላይ ይበዛሉ፣ ከ2008 ወዲህ ግን የሉም ማለት ይቻላል። መዝገቡን ሲያገላብጡ የኳድሮው፣ ማለትም ቁልፉ የሚያዞረው የሞተር ማስነሻ ማብሪያ፣ ቁጥር ያው ነው፣ ለውጥ አልተመዘገበም። ታዲያ ያው ዕቃ ከሆነ አንዱ መኪና ላይ የሚያጠፋ፣ ሌላው ላይ የማያጠፋ ለምንድን ነው?

ጠበቃው ጉዳዩን ፔንሳኮላ፣ ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ማርክ ሁድ ወሰደው። ሁድ የተሰበረና የተበላሸ ዕቃ እየመረመረ የሚኖር መሐንዲስ ነው። የነርሷን ኳድሮ ፎቶ አነሳው፣ በራጅ አየው፣ ፈታታው። ቁልፉ እጅግ በቀላሉ እንደሚዞር ገባው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባውም። ዕቃውን ብቻውን ይዞ የቱን ያህል ቢያፈጥበት፣ ሲሠራ ጀምሮ እንዲህ ይሁን በኋላ ይላላ ሊነግረው አልቻለም። ሥራው እዚያ ቆመ።

በዚህ መሃል ተራ የሆነ ሐሳብ መጣለት። በአቅራቢያው ወዳለ መለዋወጫ ሻጭ ሄዶ ያንኑ ኳድሮ አዲሱን በ30 ዶላር ገደማ ገዛ። ለማነጻጸሪያ ያህል ብቻ ነበር። ያው ቁጥር፣ ያው ቅርጽ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ሞከራቸው። አዲሱ እምቢ ብሎ ጠጠረ!

ከፍቶ ሲያይ ልዩነቱ ወለል አለለት። ቁልፉን በቦታው የሚያቆመው ትንሽ የብረት ዘንግ በአዲሱ ላይ ረዝሟል፤ ሞላውም ይበልጥ ተጨምቋል። ልዩነቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ሳንቲም ውፍረት። ያችን ታህል ርዝመት በመጉደሏ በአሮጌው ላይ ጉልበት ቢነካው ወይም ማንጠልጠያው ቢከብድ፣ ቁልፉ ያፈተልካል። የቆዩና የአዲስ መኪኖችን ኳድሮ ባነጻጸረ ጊዜም ልዩነቱ ጸና። አንድ ሰው ዕቃውን አስተካክሎታል፤ ቁጥሩን ግን አልለወጠም።

ለእኔ የታሪኩ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥገናው ራሱ ጥፋቱን ደበቀው። መሐንዲሶቹ መዝገቡን አምነው ሰነድና ሰንጠረዥ ሲያገላብጡ፣ ሁድ ዕቃውን ገዝቶ አየ።

በሚያዝያ 2013 የኳድሮው ነዳፊ በመሐላ ተጠየቀ። ፎቶዎቹ ፊቱ ቀረቡለት፤ እንዲህ ያለ ለውጥ መፈቀዱን እንደማያውቅ ተናገረ። ጉዳዩ ግን እዚያ ላይ የሚቆም አልሆነም። በየካቲት 2014 ኩባንያው መኪኖቹን ለጥገና መጥራት ጀመረ፤ ቁጥሩ እያደገ 2.6 ሚሊዮን ደረሰ። ወዲያውም ለአሜሪካ ምክር ቤት ከቀረቡት ወረቀቶች መሃል አንዱ ወጣ፤ ሚያዝያ 26 ቀን 2006 የተፈረመ፣ ዘንጉና ሞላው እንዲለወጡ የሚፈቅድ። ፊርማው የዚያው ነዳፊ ነበር።

ኩባንያው 15 ሠራተኞች አሰናበተ፤ በ2015 ደግሞ ከመንግሥት ጋር በ900 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። የካሳ ፈንዱ ከዚህ ኳድሮ ጋር ያያያዛቸው ሞቶች 124 ናቸው። በምክር ቤቱ ችሎት እንደተነገረው ዕቃውን በተሻለው ለመተካት ያስፈልግ የነበረው ወጪ ለአንድ መኪና 57 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር።